ፓካርድን የገደለው ርካሹ መኪናው ነውን?

በመድረካችን የተካሄደው የዚህ የውይይት ክር መነሻ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ጥያቄው ግን መልሱን በውስጡ ይዞ የቀረበ ነው። ክሩን የከፈተው ወንድማችን፣ ፓካርድ የተባለው የዲትሮይት የቅንጦት መኪና ሠሪ በገዛ እጁ የሞተ ኩባንያ ነው ሲል ጻፈ። በእርሱ አስተያየት ሞቱ የጀመረው በ1956 የመጨረሻው እውነተኛ ፓካርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ሳይሆን ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1935፣ ኩባንያው ዋን ትዌንቲ የተሰኘውን ርካሽ ሞዴል ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነው። የባንክ ፕሬዚዳንት የሚነዳውን ስም የሰፈሩ ባለ ሱቅም መግዛት ከቻለ ፕሬዚዳንቱ ፊቱን ወደ ተፎካካሪው የቅንጦት መኪና፣ ወደ ካዲላክ፣ ማዞሩ አይቀርም የሚል ነው ክርክሩ። ጽሑፉ በአክብሮት የቀረበ፣ በጥንቃቄ የተጻፈና የሚሳሳትበት ቦታ ካለ እንዲታረም የሚጋብዝ ነበር። ሃያ ሁለት መልሶች ከተሰጡበት በኋላ ከመጀመሪያው ለማንበብ ጊዜ ያጡ ሰዎች ስላሉ፣ የተባለውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ ወደድሁ። እኔም ከመላሾቹ አንዱ ስለሆንሁ አቋሜን አልደብቅም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1ኛው መልስ ጡረታ የወጡ አንድ የታሪክ መምህር ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ጄምስ ዋርድ ፓካርድ በኦሃዮ ግዛት በዋረን ከተማ ከወንድሙ ጋር የኤሌክትሪክ ዕቃ ያመርት የነበረ መሐንዲስ መሆኑን፣ በ1898 ዊንተን ከተባለ ሠሪ የገዛት መኪና በየመንገዱ እየቆመች እንዳማረረችው፣ ስሞታውን ሲያቀርብም ከቻልህ የተሻለ ራስህ ሥራ የሚል ምላሽ እንዳገኘ በትውፊት እንደሚነገር፣ በዓመቱም የራሱን መኪና ሠርቶ በከተማው ጎዳና ላይ እንደነዳት አስታወሱ። በ1903 በሄንሪ ጆይ የሚመሩ የዲትሮይት ባለሀብቶች ኩባንያውን ወደ ከተማቸው አመጡት፤ በኢስት ግራንድ ቡለቫርድ የተከሉትን ፋብሪካ የነደፈላቸው አልበርት ካን ሲሆን፣ በ1905 የተሠራው አሥረኛው ሕንፃ በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ለፋብሪካ ምን ያህል ሰፊና ብርሃን የሞላበት ወለል እንደሚሰጥ ያሳየ ሥራ ነበር። ዋረን ሃርዲንግ በ1921 ወደ በዓለ ሲመታቸው በመኪና የሄዱ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ የተሳፈሩባትም መኪና ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደሯ ፓካርድ ትዊን ሲክስ ነበረች። መምህሩ የማስታወቂያቸውንም መፈክር ጠቀሱ፤ ያለውን ሰው ጠይቀው የሚል ሲሆን፣ ስለ መኪናው ጥራት ራሱ ኩባንያው አንዲት ቃል መናገር ሳያስፈልገው ለአሠርት ዓመታት አገልግሏል። ስለ ኩባንያው አወዳደቅ ግን ፍርድ አልሰጡም።

2ኛው መልስ የክሩን ከፋች በአንድ ዐረፍተ ነገር የደገፈ ብቻ ነበር። ውይይቱን ያሞቀው 3ኛው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር እህታችን፣ ስለ ክብር ከማውራታችሁ በፊት አብረውት የነበሩት የት እንደ ደረሱ ቍጠሩ አለች። ርካሽ መኪና ባለመሥራት ክብራቸውን ጠብቀው የቆዩት የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሠሪዎች አንድ በአንድ አልቀዋል፤ ማርሞን በ1933 መኪና መሥራት አቆመ፣ ዱሰንበርግ በ1937 ተዘጋ፣ ከፓካርድ ጋር በአንድ ሚዛን ይታይ የነበረው ፒርስ አሮው በ1938 ንብረቱ ተሸጠ፣ ፒርለስማ መኪናን ትቶ ወደ ቢራ ጠመቃ ገባ። ዋን ትዌንቲ ግን ከ1,000 ዶላር በጥቂቱ ዝቅ ከሚል ዋጋ ጀምሮ በመቅረቡ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 25,000 ያህል ተመረተ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ታናሽ ወንድሙ በ1937 ሲጨመር የኩባንያው የዓመት ምርት ከ100,000 አለፈ። ስለዚህ ገዳይ የተባለው መኪና በእርሷ ሒሳብ ለፓካርድ ተጨማሪ ሃያ ዓመት የሰጠ መድኃኒት ነው። መልሷ ጨዋነት ያልጎደለው ሆኖ ሳለ፣ ከፋቹን ወንድማችንን በመጨረሻ ላይ ቁጥር ሳይዙ ስለ ኩባንያ መጻፍ ተገቢ አለመሆኑን መምከሯ ጥቂት ሳያስቀይመው አልቀረም።

እርሱም በ4ኛው መልስ ተመለሰ። የሸጠውን ብዛት እንደማይክድ፣ ችግሩ ግን መኪናው ርካሽ መሆኑ ሳይሆን ያው ስም መለጠፉ እንደሆነ አብራራ። ካዲላክ በ1927 ዝቅ ያለ ዋጋ ያለው መኪና ሲያስፈልገው ላሳል የሚል ሌላ ስም ሰጥቶት እስከ 1940 ለብቻው ሸጠው፤ ላሳል ሲቀር ካዲላክ ንጹሕ ስሙን ይዞ ቀረ። ፓካርድ ግን ለሁሉም አንድ ስም፣ አንድ ዓይነት የራዲያተር ቅርጽ፣ በመሽከርከሪያው መሐል ያው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀይ ምልክት ሰጠ። ይህ ከመጀመሪያው ጽሑፉ የተሻለ ክርክር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በኋላ የተነሣውን ሁሉ የሚመዝን ሰው ይህን ነጥብ ይዞ መቆየት አለበት።

5ኛው መላሽ ከእርሱ ጋር ተስማማ። 6ኛው ግን ድንበር አለፈ፤ የሒሳብ ባለሙያዋን ስለ መኪና የማታውቀውን እንዳትናገር የሚል፣ በዚህ መድረክ ሊጻፍ የማይገባው ነገር ጻፈ። 7ኛው መልስ የመምህሩ ሲሆን፣ የሰው ክብር ሳይነካ መከራከር እንደሚቻል በአባትነት ቃል ገሥጸው፣ እግረ መንገዳቸውንም ለእህታችን ክርክር አንድ ማስረጃ ጨመሩላት፦ ዋን ትዌንቲን በብዛት የማምረት ሥራ እንዲመሩ የተቀጠሩት ጆርጅ ክሪስቶፈር ከጄኔራል ሞተርስ የመጡ ሰው ሲሆኑ፣ በ1942 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ርካሹን መኪና ማምረት ያወቀ ሰው ኩባንያውን ሲመራ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላም ልቡ ከዚያው ከብዛቱ ጋር ነበር። ይህ ማስረጃ ለማን እንደሚያደላ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከፋቹንም እህታችንንም በከፊል ይደግፋል።

በ8ኛው መልስ በአዲስ አበባ የጋራዥ ባለቤት የሆነ ወንድማችን፣ ስለ ስምና ስለ ዋጋ ብቻ ስትነጋገሩ የኩባንያውን እጅ ረሳችሁት አለ። ፓካርድ የሞተር ቤት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሊበርቲን የአውሮፕላን ሞተር ከነደፉት ሁለት ዋና መሐንዲሶች አንዱ የፓካርዱ ጄሲ ቪንሰንት ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ሄንሪ ፎርድ ለእንግሊዞች የሮልስ ሮይስን መርሊን ሞተር አልሠራም ባለ ጊዜ ፓካርድ ተረክቦ ከ55,000 በላይ ሞተር አውጥቷል፤ ሙስታንግ የተባለችው ተዋጊ አውሮፕላን ዝናዋን ያገኘችው ከዲትሮይት በመጣው በዚህ ሞተር ነው። ይህን ያህል ችሎታ የነበረው ቤት፣ ካዲላክ በ1949 አዲሱን ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ ሞተሩን ሲያወጣ፣ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች ያሉትን አሮጌ ሞተሩን እስከ 1954 ይዞ መቆየቱ ለባለ ጋራዡ ከርካሹ መኪና የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር ነው። የቀድሞው ሞተር መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ዝምታው የሚደነቅ ነበር፤ ገዢው ግን ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ የድሮ ነገር ነው የሚያየው።

9ኛው መልስ የእኔ ነበር። እስካሁን የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆንም ኩባንያውን የጣለው ሌላ ነው ብዬ ጻፍሁ፤ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው። ፓካርድ በ1941 ክሊፐር የተባለውን ውብ ሞዴል ሲያወጣ የመኪናውን ቦዲ ሠርቶ እንዲያቀርብለት ብሪግስ ለተባለ ድርጅት ሰጠ። ከዚያ በፊት ላሜራውን ቀጥቅጦ፣ አገጣጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ የሚያወጣው ራሱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ቦዲው ሁሉ ከብሪግስ መምጣቱን ቀጠለ። ዋልተር ብሪግስ በ1952 ሲሞቱ ወራሾቻቸው ድርጅቱን ለመሸጥ ተገደዱ፤ በ1953 መጨረሻ የገዛው ደግሞ ክራይስለር ነው፤ ማለትም የፓካርድ ተፎካካሪ። ክራይስለር ከ1954 ሞዴል በኋላ ቦዲ እንደማይሰጥ አስታወቀ። የሚቀጥለው ዓመት መኪና የሚታነጽበት አካል የሌለው፣ ኩባንያውን ሊያድን የሚችለውን አዲስ ሞዴል ለማውጣት ወራት ብቻ የቀሩት ሠሪ አስቡ። ሌሎቹ ድክመቶች ሁሉ ጊዜ ቢገኝ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው፤ ይህ ግን ጊዜውን ራሱን ነው የወሰደበት።

በ10ኛው መልስ እህታችን ተቃወመችኝ፤ በዚህ ክር ለእኔ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ከባዱም ይህ ነው። ብሪግስን መውቀስ የጠበቃ ክርክር ነው አለች። ፓካርድ ከጦርነቱ ሲወጣ ዕዳ የሌለበት፣ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ኩባንያ ነበር፤ በ1949 ከ100,000 በላይ መኪና ሠርቷል፤ የራሱን የቦዲ ክፍል መልሶ ለማቋቋም ስምንት ዓመት ያህል ነበረው። ስለዚህ ክራይስለር በሩን ሲዘጋ በሩ ለምን በሰው እጅ እንደነበር መጠየቅ ያለበት ራሱ ፓካርድ ነው። እኔ ግን ይህ ክርክር ሐሳቤን አፈረሰው አልልም። ገበያው ባማረበት ዘመን ቦዲውን ከውጭ ማስመጣት በየዓመቱ ገንዘብ የሚያድን ብልህ ውሳኔ መስሎ ይታያል፤ የጉዳቱ ሒሳብ በመዝገቡ ላይ የሚታይበት ዓመት ሲመጣ ግን የሚከፈልበት ገንዘብ አይኖርም። የሒሳብ ባለሙያ የሆነች እህታችን ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች።

11ኛው መላሽ ከጦርነቱ በኋላ የወጣው የ1948 ሞዴል የክሊፐርን ቀጭን ወገብ በላሜራ አደልቦ እንዳበላሸውና አሜሪካኖች እርጉዝ ዝሆን የሚል ቅጽል ስም እንዳወጡለት አስታውሶ፣ መልክንም እንዳንረሳ አሳሰበ። ልክ ነው፤ ሆኖም ያው መልክ በ1949 ጥሩ ተሽጧል፤ በዚያን ጊዜ መኪና የተጠማ ሕዝብ ያገኘውን ሁሉ ይገዛ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሞስኮ ደረሰ። 12ኛው መላሽ፣ ፓካርድ የትልቁ የቅንጦት ሞዴሉ ላሜራ እየተጫነ የሚቀረጽባቸውን የብረት ቅርጾች በጦርነቱ ጊዜ ለስታሊን ስለሸጠ ከ1945 በኋላ ትልቁን መኪና መሥራት አልቻለም ሲል በሙሉ እምነት ጻፈ። ወሬው የቆየ ነው፤ በእንግሊዝኛ በሚጻፉ ገጾችም ሲደጋገም ይገኛል። 13ኛው መልስ ግን በሶቪየት ኅብረት ከተማሩ አንድ መሐንዲስ የመጣ እርማት ነበር። ዚስ 110 የተባለው የሶቪየት መሪዎች መኪና የፓካርድን መልክ የያዘና ፓካርድን ፈትቶ በማጥናት የተሠራ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ስታሊን ፓካርድ ይወዱ ነበርና። ነገር ግን የሁለቱ መኪኖች ላሜራ ጎን ለጎን ሲለካ አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም፤ ሶቪየቶች ቅርጾቻቸውን የሠሩት ራሳቸው ነው። ዚስን የሠራውና በስታሊን ስም የተሰየመው ፋብሪካ በ1956 ስሙ ከተነሣለት በኋላ ዚል ተባለ ሲሉም አከሉ። ይህን ያነበበ 14ኛ መላሽ በደርግ ዘመን በዚል የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ እንደሠራ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ያልከዳው መኪና እርሱ ብቻ እንደሆነ በስፋት አወጋን። ደስ የሚል ትዝታ ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዎችም ስለ ዚልና ስለ ኡራል የየራሳቸውን ሊያክሉ ጀምረው ነበር። በ15ኛው መልስ ጨዋታው በራሱ ክር እንዲቀጥል ለምኜ ወደ ፓካርድ እንድንመለስ ጠየቅሁ።

ፓካርድ ስቱድቤከር ከተባለ ሌላ ሠሪ ጋር ስላደረገው ውህደት በ16ኛው መልስ የጻፉት መምህሩ ናቸው፤ ጽሑፋቸው ረጅም ቢሆንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነበብ ያለበት ነው። ከኮርያ ጦርነት በኋላ ፎርድና ሼቭሮሌት አንደኛ ለመሆን በ1953 የምርት ፉክክር ውስጥ ገቡ፤ ነጋዴዎቻቸውን በመኪና አጥለቀለቋቸው፤ ነጋዴዎቹም ዋጋ እየሰበሩ ሸጡ። ከፉክክሩ ውጭ የነበሩት ትናንሾቹ ገለልተኛ ሠሪዎች፣ ማለትም ናሽ፣ ሃድሰን፣ ስቱድቤከርና ፓካርድ፣ በሁለቱ ዝሆኖች እግር ሥር ወደቁ። የናሽ መሪ ጆርጅ ሜሰን አራቱን አንድ አድርጎ አራተኛ ትልቅ ኩባንያ የመፍጠር ሐሳብ ነበራቸው፤ በ1952 ከኤሌክትሪክ ምድጃና ማቀዝቀዣ ንግድ ወደ ፓካርድ የመጡት ጄምስ ናንስም ሐሳቡን ይጋሩ ነበር። በ1954 ናሽና ሃድሰን ተዋህደው አሜሪካን ሞተርስ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ ፓካርድ ስቱድቤከርን ገዛ። ሁለቱ ጥንዶች ለመገናኘት አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ግን ሜሰን በዚያው ወር ሞቱ፤ የተኳቸው ጆርጅ ሮምኒ ውህደቱን አልፈለጉትም። መምህሩ ይህን ሲተርኩ የአንድ ሰው ሞት የኩባንያዎችን ዕጣ እንዴት እንደሚለውጥ በሐዘን ጽፈዋል።

17ኛው መልስ የእህታችን ሲሆን ሐዘን የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ቁጣ ነው። ፓካርድ ስቱድቤከርን የገዛው መዝገቡን በሚገባ ሳይመረምር ነው። ከተጋቡ በኋላ የፓካርድ ሰዎች ወደ ሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና ሄደው ሲቈጥሩ፣ ስቱድቤከር ወጪውን ብቻ ለመሸፈን በዓመት ወደ 282,000 መኪና መሸጥ እንደሚያስፈልገው አገኙ፤ ይሸጥ የነበረው ግን ወደ 82,000 ብቻ ነው። በ1852 ጋሪ በመሥራት የተመሠረተው ይህ ቤት የሠራተኛ ደመወዙም የምርት ወጪውም ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። ቤት ሲከራይ እንኳ ውኃው መምጣቱን የሚጠይቅ ሰው፣ ለመቶ ዓመት የቆየ ፋብሪካ ሲገዛ ሒሳቡን አለማየቱ ይቅር የማይባል ነው አለች። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቀደም ሲል በ6ኛው መልስ ያስቀየማት ሰው እዚህ ቦታ ላይ በአጭሩ ይቅርታ መጠየቁ ለዚህ መድረክ ክብር ነው፤ 18ኛ ሆኖ የተመዘገበው እርሱ ነው።

በ19ኛው መልስ በሚሺጋን ለብዙ ዓመታት የኖሩ አዛውንት አባታችን፣ በወሬ የምናውቀውን ነገር በዐይናቸው ካዩት ጋር አገናኙልን። ክራይስለር ቦዲውን ሲከለክል፣ ፓካርድ በኮነር ጎዳና ያለውን የቀድሞ የብሪግስ ሕንፃ ከዚያው ከክራይስለር ተከራይቶ፣ ቦዲ መሥራቱንም የመጨረሻውን ግጣጠማም በዚያ ለማካሄድ ወሰነ። የኢስት ግራንድ ቡለቫርዱ ፋብሪካ ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ካሬ ጫማ የሚሰፋ ሲሆን ኮነር ግን 760,000 ብቻ ነው። በዚያ ጥበት ውስጥ የተሠሩት የ1955 መኪኖች ዘግይተው ወጡ፤ አንዳንዶቹም በራቸው በትክክል ሳይገጥም፣ ነጋዴው ዘንድ ደርሰው እንደገና እየተስተካከሉ ተሸጡ። አዛውንቱ በዚህ ላይ፣ የአሮጌው ፋብሪካ ፍርስራሽ አጠገብ ለዓመታት በመኪና ሲያልፉ ጎዳናውን ከላይ ይሻገር የነበረው ድልድይ በጥር 2019 እንደወደቀ፣ የከተማው አስተዳደርም በ2022 ሕንፃዎቹን ማፍረስ እንደጀመረ አስታወሱን።

ያንኑ የ1955 መኪና ግን ከነጉድለቱ ሊወቅሱት አልፈቀዱም። በአንድ የባለ አሮጌ መኪኖች ስብሰባ ላይ ፓትሪሺያን የተባለውን ትልቁን ሞዴል ያመጣ ሰው፣ አባታችንንና ሌሎች ሁለት እንግዶችን ከኋላ እንዲቀመጡ ጋበዛቸው። ሲቀመጡ የመኪናው ጅራት ዝቅ አለ፤ ምንም አልተፈጠረም፤ ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ በኋላ ከሥራቸው አንድ ትንሽ ሞተር ድምፅ አሰማና መኪናው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነ። ሲወርዱ ደግሞ ጅራቱ ከፍ ብሎ ቆይቶ መልሶ ዝቅ አለ። ባለ ጋራዡ ወንድማችን በ20ኛው መልስ አሠራሩን አስረዳን። ቶርሽን ሌቭል የተባለው ይህ ዘዴ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ የሚለውን ልማድ ትቶ የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር በረጅም የብረት ዘንግ ያገናኛል፤ የፊቱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ዘንጉ ይጠመዘዝና ኃይሉን ለኋላው ያካፍለዋል፤ ስለዚህ መኪናው እንደ ሌሎቹ አይናጥም። ሚዛን የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ሰባት ሰከንድ ያህል የሚዘገየው በየጉብታው እንዳይነሣ ታስቦ ነው። ፓካርድ አውቶማቲክ ካምቢዮውንም ከ1949 ጀምሮ በራሱ መሐንዲሶች ሠርቷል፤ ይህን ከገለልተኛ ሠሪዎች ማንም አላደረገም፤ በኋላ በጄኔራል ሞተርስ ስማቸው የገነነው ጆን ዴሎሪያን በወጣትነታቸው የሠሩት በዚሁ ካምቢዮ ላይ ነው። ባለ ጋራዡ ስሜቱን አልደበቀም፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚችሉ እጆች መበተናቸው እንደሚያናድደው ጻፈ። እኔም ያንኑ ነው የሚሰማኝ። በ1955 ወደ 55,000 የደረሰው ሽያጭ በ1956 ወደ 29,000 ወረደ፤ የ1957ን አዲስ ሞዴል ለመሥራት የሚያስፈልገውን ብድር ትልልቆቹ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከለከሉ፤ በሰኔ 25 ቀን 1956 በኮነር የነበረው ሥራ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት በፓካርድ ስም የወጡት መኪኖች ምልክት የተለጠፈባቸው ስቱድቤከሮች ነበሩ፤ በ1958 እነርሱም ቀሩ።

ስለ መኪና ብቻ ስንነጋገር መቆየታችን ያልተዋጠላቸው መሐንዲሱ በ21ኛው መልስ ቃላቸውን ጠንከር አድርገው መጡ። ስለ ስም፣ ስለ ቦዲና ስለ ሞላ ሃያ መልስ ስትጽፉ ስለ ሠራተኛው አንድ ቃል አላላችሁም አሉ። ስቱድቤከር በታኅሣሥ 1963 የሳውዝ ቤንድን ፋብሪካ ሲዘጋ ሥራቸውን ያጡት ወደ 7,000 ሰዎች ናቸው። የጡረታ ፈንዱ ቃል የተገባውን ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። ዕድሜያቸው 60 የሞላና ቀድሞ ጡረታ የወጡት፣ ወደ 3,600 የሚሆኑት፣ ሙሉውን አገኙ፤ ከ40 እስከ 59 ባለው ዕድሜ ላይ ያሉና ለረጅም ጊዜ የሠሩት ወደ 4,000 ሰዎች ከሚገባቸው 15 በመቶ ያህሉን አንድ ጊዜ ተቀብለው ተሰናበቱ፤ የቀሩት ምንም አላገኙም። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ፋብሪካ ሠርቶ፣ ስድሳ ከሞላው ጓደኛው ጋር ጎን ለጎን ቆሞ የቆየ፣ በአንድ የልደት ቀን ልዩነት ከሚገባው 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ጉዳዩን ወደ ዋሽንግተን ወሰደው፤ ዐሥር ዓመት ያህል ከተለፋ በኋላ በ1974 ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት የሠራተኞች የጡረታ ሕግ ወጣ፤ ድርጅት ሲወድቅ ጡረታውን የሚሸፍን የመንግሥት ዋስትናም የተቋቋመው በዚሁ ሕግ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ በርካታ አንባቢዎቻችን የጡረታ መብት ያለው ሥራ ስላላቸው፣ ይህ ሕግ ዛሬ እነርሱንም ይጠብቃቸዋል። መሐንዲሱ በንግግራቸው ቢያስቀይሙንም ትክክል ናቸው፤ ይህ መልስ ከሁሉም ቀድሞ መምጣት ነበረበት።

በ22ኛው መልስ ክሩን የከፈተው ወንድማችን ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ እህታችንንም በስም ጠርቶ ለቁጥሮቿ ምስጋና አቀረበ። ሆኖም ከአቋሙ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ዋን ትዌንቲ በድቀቱ ዘመን ኩባንያውን ማዳኑን ተቀብሎ፣ የሚወቅሰው ግን ከ1945 በኋላ ያለውን ውሳኔ መሆኑን ገለጸ፦ ገዢው ተሰልፎ በሚጠብቅበት፣ ያመረቱት ሁሉ በሚሸጥበት ዘመን ካዲላክ የላይኛውን ገበያ ብቻ ሲይዝ ፓካርድ ያለችውን ላሜራ በርካሾቹ ሞዴሎች ላይ አዋላት፤ በኋላ የርካሾቹ ሞዴሎች መጠሪያ የሆነውን ክሊፐርን ራሱን የቻለ ስም አድርጎ ከፓካርድ የለየውም በ1956 ነው፤ ያኔ ደግሞ ካዲላክ በዓመት ከ140,000 በላይ እየሸጠ ነበር። በዚህ መልኩ ሲቀርብ ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ እኔም ከቦዲው ጉዳይ ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። እህታችን ከጦርነቱ በኋላ ለአምስቱ ዓመታት ትርፉ ከየትኛው ሞዴል ይገኝ እንደነበር በሞዴል ለይታ ለማቅረብ ቃል ገብታለች፤ መምህሩም ስለ ሃድሰን የተለየ ክር እንዲከፈት ጠይቀዋል፤ እርሱም ተከፍቷል።